ጉንዳንና «ይግባ» ባዮቹ ፎልደሮች

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትላላችሁ። ዛሬ በረቱ ውስጥ በሬ ታሟልና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት መሥሪያ ቤት በነበራቸው ዘመን፣ ቦራ የሚባል በሬ ነበር። አጣማጁ ዳልቻ ታመመና መኖ ማየት ጠላ። መድኃኒቱ ያለው ከወንዝ ማዶ፣ ከሐኪሙ ከጉሬዛ ዘንድ ነው። ጉሬዛ ደግሞ በኢሜይል ካልተጠራ አይመጣም፤ ደንብ ነው።

ቦራ ወደ ጉንዳን ሄደ። ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቶ መመላለስ የእሷ ሥራ ነው።

«እህቴ ጉንዳን፣ በሐኪሙ ቢሮ ኮምፒዩተር ውስጥ የጋራ ፎልደሮች አሉ። ከውጭ የተላከ ኢሜይል የሚገባው ግን ወደ አንዳንዶቹ ብቻ ነው፤ መልካቸው ደግሞ አንድ ነው። ለይተሽ ላኪልኝ። ዳልቻ ከሞተ እኔም ብቻዬን ምን በሬ ነኝ?»

ጉንዳን ገባች። መጀመሪያ ያገኘችው «ስብሰባ» የሚባለውን ፎልደር ነው።

«ጌታው፣ ከውጭ ኢሜይል ይገባልዎታል?»

«እንዴታ፤ ቤት ለእንግዳ» አላት።

ቀጥሎ ያሉትም ሁሉ «ይግባ፣ ይግባ» አሉ። እንግዳ መመለስ ነውር ነዋ። ጉንዳን የስብሰባን ስም ጽፋ ላከችለት። ኢሜይሉ ተመልሶ መጣ። ዳልቻ ውሃም ተወ።

በማግስቱ «አፋቸውን ትቼ ሆዳቸውን አያለሁ» አለች። «ማኅደር» የሚባለው ፎልደር በኢሜይል ሆዱ ተወጥሯል። «ይኼን ሁሉ የበላ በር ቢኖረው ነው» ብላ የማኅደርን ስም ጽፋ ላከችለት። ይኼም ተመልሶ መጣ። ለካ ማኅደር ውስጥ ያለውን ሁሉ የቢሮው ሠራተኞች በእጃቸው እየጎተቱ ያስገቡት ኖሯል። ዳልቻ መቆም አቃተው። ቦራ አጠገቡ ቆሞ አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን ጉንዳን ተናደደች፤ አንቱታውንም ተወች። «ከውጭ ኢሜይል የሚገባለት ፎልደር የራሱ የኢሜይል አድራሻ አያጣም» ብላ በየተራ እየዞረች ሁሉንም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«አድራሻህን ንገረኝ።»

ስብሰባ «አይ የዘንድሮ ብርድ» አለ። ማኅደር ሳል ያዘው። የቀሩት ጣራ ጣራውን አዩ። ጥግ ላይ «ሌሎች» የሚባል፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ባዶ ፎልደር ነበር። እሱ ግን አድራሻውን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ዘረዘረላት። ጉንዳን ላከች። አልተመለሰም።

ጉሬዛ ቦርሳውን አንግቦ መጣ። ዳልቻም ሰነባብቶ ተነሣ፤ አንድ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም።

ይኼን የሰማ ስብሰባ ጉንዳንን አስጠርቶ፣ «እንግዳ መመለስ አፍሬ ነው እንጂ ክፋት የለብኝም» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ያን ቀን በር የለኝም ብለህ ብታፍር ኖሮ ግን፣ በሬው ዛሬ በአራት እግሩ ያርስ ነበር።»

ልጆቼ፣ «ይግባ» ማለት ለሁሉም ይቀላል፤ በሩን የሚያሳያችሁ ግን በር ያለው ብቻ ነው።