ቦይ የቆፈረው ሰውና ስውሩ ቀዳዳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ወንዝ ጠልፎ ውሃ ወደ አገሩ ያመጣ።

መምህር ይኄይስ በዚህ ሲጀምሩ ሐመልማል ቅር አላት። የመጣችው የኮምፒዩተር ጥያቄ ይዛ ነው። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በድምፃቸው እያነበቡ የሚቀርጹ ሰዎችን በኢንተርኔት ያሰባሰበች እሷ ናት። ማኅበሩ ሊቀመንበርም ቢሮም የለውም፤ የቆመው በብሎክቼይን ላይ ነው። አባላቱ የሰጡት ድምፅና ያሳለፉት ውሳኔ ሁሉ በየአባሉ ኮምፒዩተር እኩል ይመዘገባል፤ አንዱ በስውር ልሰርዝ ቢል የሌሎቹ መዝገብ ያጋልጠዋል። አንባቢውም አድማጩም አባል ነው፤ ከጎንደር እስከ ናይሮቢ ተበትነዋል፤ አብዛኞቹ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ሐመልማል ከእንግዲህ መጽሐፍ የሚያነቡት ድምፃቸው የሠለጠነ ባለሙያዎች ብቻ ይሁኑ የሚል ሐሳብ አቀረበች። አባላቱ ድምፅ ሰጡና ሐሳቧን ጣሉት። እሷ እንደምታምነው ይህ ማኅበሩን ይገድለዋል፤ በተንተባተበ ንባብ ማን ይማራል? ደግሞም ማኅበሩን ስትሠራ ለክፉ ቀን ብላ ያስቀረችው፣ ማንኛውንም ውሳኔ የሚሽር የመሥራች ቁልፍ፣ ማለትም በቦርሳዋ የያዘችው ምስጢራዊ የኮምፒዩተር ቁጥር፣ በእጇ አለ። አባላቱ መኖሩን አያውቁም። ስለዚህ የዱሮ መምህሯ ዘንድ መጥታ፣ «የሠራሁት እኔ ነኝ። ሲጠፋ እያየሁ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?» ብላ ጠየቀች።

ዓይናቸው ከጠፋ የቆየው መምህር ይኄይስ መልስ እንደመስጠት ቦይ ስለቆፈረ ሰው ያወሩላት ጀመር። ልታቋርጣቸው ስትል፣ «ዝም ብለሽ ስሚ፤ ክፍል ውስጥም እጅሽን ሳታወጪ ነበር የምትናገሪው» አሏትና ቀጠሉ።

ሰውየው የሚኖርበት አገር ቆላ ነው። ወንዙ ከገደሉ ሥር ይሄዳል፤ ሰዉ ከገደሉ በላይ ተቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያያል። ዝናብ ሲመጣ ይበላሉ፤ ሲቀር ልጆቻቸውን ይዘው ይሰደዳሉ። ይህ ሰው አንድ ቀን ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ወጣና ውሃው ከእርሻው ከፍ ብሎ የሚገኝበትን ቦታ አገኘ። ከዚያ ጀምሮ በተራራው ወገብ ቦይ መቆፈር ያዘ። ጎረቤቶቹ ውሃ በገደል ሊያስኬድ ነው እያሉ ሳቁበት። እሱ ግን ግትር ነበር። በበጋ ሥራ የፈታ አንድ ሰው ለወሬ ብሎ መጣና ዶማ አነሣ፤ ያን ያየ ሌላው ተከተለ፤ በመጨረሻ አገሩ በደቦ ወጣ። መንገዱን የዘጋውን አለት እሳት እያነደዱ፣ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ እየደፉ ሰነጠቁት። አለቱ ሲናድ የሰውየውን አውራ ጣት ይዞት ሄደ። ውሃውም መጣ።

ውሃው በመጣ ማግስት ጠብም መጣ። አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ከሁሉ ሰፊ መሬት ያለኝ እኔ ስለሆንኩ በጉባኤ ላይ ያለኝ ቃልም በመሬቴ ልክ ይሁን አለ። ቦይ የቆፈረው ሰው ግን አልተስማማም። ጭስ የሚወጣበት ቤት ሁሉ አንድ ቃል ይኑረው፤ ውሃውን ያመጣሁት እኔም ከአንድ አልበልጥም አለ። ባለጠጋው አጉረመረመ፤ ነገር ግን ቦዩን ደለል ሲሞላው ብቻውን እንደማይጠርገው ያውቃልና ተቀበለ።

ዳኛ አልሾሙም። በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ተነሥቶ ውሃውን ከማን እንደሚቀበልና ለማን እንደሚያስረክብ ጮክ ብሎ ይናገራል። አንዱ ተራውን ቢያዛባ ከፊቱ ያለውና ከኋላው ያለው ወዲያው ይመልሱታል። ስለዚህ ተራው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ አልነበረም፤ በሁሉም ራስ ውስጥ ነበረ። ቦይ የቆፈረው ሰው ይህን ሲሰማ ደስታውን መደበቅ ያቅተው ነበር። ሣሩን እየነጨ፣ አቀርቅሮ ለብቻው ፈገግ ይላል።

እንዲህም ሆኖ አንድ የደበቀው ነገር ነበረው። ቦዩ በእርሻው ጥግ ሲያልፍ ከጎኑ ግድግዳ አንድ ቀዳዳ ትቶ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከድኖ፣ አፈርና ሣር አልብሶታል። ሲሠራው ክፋት አላሰበም። ድንገት ጎርፍ ቢመጣና ቦዩን ሊያፈርሰው ቢል ውሃውን በዚያ አፈሰዋለሁ ብሎ ነው። ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሰው የሠራውን ነገር ለሰው አስረክቦም ልቡ አልለቅ ሲለው እንዲህ ያለ መውጫ ያስቀራል።

ከዓመታት በኋላ ክፉ በጋ ገባ። ወንዙ ቀጠነ። ሰውየው በዚያ ዓመት ያለ የሌለ መሬቱን በርበሬ ተክሎ ነበር፤ የቤቱ ተስፋ ሁሉ እሱ ላይ ነው። በርበሬው አበባ ሲይዝ ተራው አልፎ ነበር፤ የሚቀጥለው ተራ እስኪደርስ ደግሞ ማሳው አይቆይም። በሰንበት ተነሥቶ አንዲት ተራ እንዲጨምሩለት ለመነ። ለራሱ ለምኖ የማያውቅ ሰው ነበር።

ሰዉ አቀረቀረ። ይሉኝታ ይዞት እንጂ ሊሰጠው የወደደም አልነበረም፤ ለአንዱ አንድ ተራ ሲጨመር የሁሉም ወደ ኋላ ይሸሻል፣ በቦዩ መጨረሻ፣ በጭራው ያለው ጨርሶ አያገኝም። ይሰጠው ብሎ የተናገረ ባለጠጋው ብቻ ነበር። እሱም ዛሬ ለዚህ ከተሰጠ ነገ ለእኔ እንዴት ይከለከላል ብሎ ነው። ያን ጊዜ በቦዩ ጭራ ላይ እፍኝ የምታህል ጓሮ ያላት አንዲት መበለት ተነሣች።

«አባቴ፣ ውሃውን ያመጡት አንቱ ነዎት» አለች። «ተራውን ያመጣነው ግን ሁላችን ነን። አይሆንም።»

እሷ ከተናገረች በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ አይሆንም አሉ።

ሰውየው ወደ ቤቱ ገባ። እህል አልቀምስም አለ። ሚስቱ ከእሱ ይልቅ ተቆጣች። ከእነሱ መካከል ለዚህ ቦይ ጣቱን የሰጠ ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ቀጥላም፣ «ያቺ ቀዳዳ ለዛሬ ካልሆነች ለመቼ ልትሆን ነው?» አለችው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ በርበሬውን አብራው የተከለች ናት።

በገበያ ቀን አገሩ ባዶ ሲሆን ዶማውን ይዞ ወጣ። ሣሩን ገፈፈ፣ አፈሩን ጠረገ፣ ድንጋዩን አገኘው። ጣቶቹን ከጠርዙ ሥር አስገባ። ውሃው በጎኑ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ በአንድ ክንድ ርቀት በርበሬው ቅጠሉን ጥሎ ቆሟል። ማንም አያይም። ማንም ሊያውቅ አይችልም። ትንሽ ብቻ ልውሰድ አለ በልቡ።

ድንጋዩን ሊያነሣ ሲል ግን ጭራ ላይ ያለችውን መበለት አሰበ። ዛሬ ማታ ውሃው ሲያንስባት ማንን ትጠረጥራለች? እሱን አትጠረጥርም፤ ከፊቷ ያለውን ነው የምትጠረጥረው። እሱ ደግሞ ከፊቱ ያለውን። እንዲህ እያለ ነገሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ማንም ያልሰረቀው ሁሉ ሌባ ይባላል። በሰንበት ከሾላው ሥር ተነሥቶ ከእገሌ እቀበላለሁ የሚል ሰው አይገኝም። በእሳት አለት የሰነጠቀለት አገር፣ እሱ ባነሣት በዚች ድንጋይ ሊሰነጠቅ ነው። እጁን አወጣ።

ድንጋዩን በአፈር መልሶ አልሸፈነውም። እንዳልነበረ አድርጎ አፈር አልብሶ መሄድ ይችል ነበር፤ ያን ማድረግም አስጠላው። ከቦዩ ዳር ተቀምጦ ሰዉን ጠበቀ። ፀሐይዋ አናት ስትበላ፣ በርበሬው ዓይኑ እያየ ሲጠወልግ፣ ከቦታው አልተነሣም። የገበያው ሰው አህዮቹን እየነዳ ሲመለስ ሁሉንም ጠራና ቀዳዳውን አሳየ። መቼ እንደሠራው፣ ዛሬም ለምን ሊከፍተው እንደመጣ ሳይሸሽግ ተናገረ።

ጩኸት ሆነ። ከሁሉ ይልቅ ባለጠጋው ደሙ ፈላ። «እኔን አንድ ቃል ይበቃሃል ብለህ፣ አንተ ከመሬት በታች ሌላ ቃል ቀብረህ ኖሯል» አለው። ቦይ የቆፈረው ሰው አልተከራከረም።

«እውነትህን ነው» አለ። «ድፈኑት። እኔ ብቻዬን ብደፍነው ብቻዬን እከፍተዋለሁ።»

የአህዮቹን ጭነት አራገፉ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፤ ባለጠጋውም እያጉረመረመ ተሸከመ። መበለቷ ጭቃውን ረገጠች። ቀዳዳው ተደፈነ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሳያውቅ ሊከፈት የሚችል አልሆነም።

በርበሬው ከነአበባው ደረቀ። ያን ዓመት የዚያ ሰው ቤት አልጫ ሲበላ ከረመ፤ ሚስቱም ወጥ ባቀረበች ቁጥር አንድ ነገር ሳትናገር አላለፈችም። ውሃው ግን ቀጥኖም ቢሆን እስከ ጭራው ደረሰ።

በዚያው በጋ አንድ መንገደኛ ነጋዴ በቅሎዎቹን ከቦዩ ሊያጠጣ ቆመ። በዚህ ደረቅ አገር ይህን የመሰለ ውሃ ሲያይ ተገርሞ፣ ጓሮዋን የምትኮተኩተውን መበለት ውሃው የማን እንደሆነ ጠየቃት። «የእኛ ነው» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ቦይ የቆፈረው ሰው ከሚስቱ ጋር በቅርብ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሚስቱ ስምህን እንኳ አላነሣችም ብላ አዘነች። እሱ ግን ደረቱ ሞላ፤ አውራ ጣቱ ተመልሳ የበቀለች ያህል ኮራ።

«ዝም በይ» አላት። «ቦዩ ያለቀው ዛሬ ነው።»

መምህር ይኄይስ እዚህ ላይ አቆሙና ፊታቸውን ሐመልማል ወዳለችበት አዞሩ።

«ያ ሰው አንቺ ነሽ» አሏት። «ቦዩ ማኅበርሽ ነው። በየሰንበቱ ከሾላው ሥር የሚባለው ተራ፣ በየኮምፒዩተሩ ያኖርሽው መዝገብ ነው። በእጅሽ ያለው ቁልፍ ምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ከመጣሽ ጀምሮ ቦርሳሽን እንደጨበጥሽ ነሽ፣ ይሰማኛል። በሱ ከፍተሽ አንድ ውሳኔ ብትሽሪ ምናልባት ትክክል ትሆኛለሽ። ከዚያ ወዲያ ግን በዚያ ማኅበር የሚሰጥ ድምፅ ሁሉ አንቺ እስካልከፋሽ ድረስ ብቻ የሚሠራ ነው የሚሆነው።»

«ቢሳሳቱስ፣ መምህር?» አለች ሐመልማል።

«ይሳሳታሉ። በርበሬው ደርቋል ብዬሻለሁ፤ አልደበቅሁሽም። ሐሳብሽን ደግመሽ አቅርቢ፣ ተከራከሪ፣ አሳምኚ፤ አንድ ቃል አለሽ፣ እሱን አትተዪ። ቁልፉን ግን አውጥተሽ በሁሉም ፊት አስቀምጪው። ይቆጡሻል። ይቆጡ። ከዚያ አብረው ይድፈኑት።»

 ሐመልማልን የገረማት ተግሣጹ ሳይሆን፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ የመምህሯ ፊት ፈክቶ መቆየቱ ነው።

«አንድ ነገር ልጨምርልሽ» አሉ። «እኔም የማኅበርሽ አባል ነኝ። ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትም በአንቺ ላይ ነው። ከደሴ አንድ ልብስ ሰፊ ያነብልኛል። ይንተባተባል፤ ሲሳሳት ይቅርታ ብሎ ከመስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል። እሱን አላስወጣም አልኩ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ፣ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል። እጄን ይዞ መንገድ የሚያሻግረኝ ሞልቷል፤ ወዴት መሄድ ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም። አንቺ በሠራሽው ቦታ አይሆንም አልኩ፤ ተቆጠረልኝም። ያን ቀን ኮራሁ። መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ ያን ቦታ በሠራሽው በአንቺ።»