የትጓደድ ድስት

አይ፣ አይደለም! «ገበያው ሞልቷል፣ ሁሉም አንድ ዕቃ ላይ ተረባርቧል፣ አዲስ ሰው አይገባበትም» ነው የምትለኝ? ይገባበታል! ልጆቹ አጠገብህ ካሉ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርግላቸው፣ እነሱም ይስሙ። ተረት ነው፤ ላሚቱን በረት አስገቡና ቁጭ በሉ።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ሸክላ ሠሪ የሞላበት አገር ነበረ። ገበያው ድስት፣ ድስት፣ ድስት ብቻ! ሁሉም ትልቅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ለምን? «ለእንግዳ የማይተርፍ ድስት አይሠራም፣ አይሸጥም፣ አይጣድም» የሚል ወግ ነበራ! ወጉን በዱላ የሚጠብቀው ደግሞ የገበያው አለቃ ቢያድግልኝ ነው።

ትጓደድ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ድስቷን የሚገዛት አጣች። አንድ ቀን ጎረቤቷ እማማ ወለላ ቤት ጎራ አለች። እማማ ብቻቸውን ናቸው። በዚያ ትልቅ ድስት ጭብጥ የማትሞላ ሽሮ ጣል ያደርጋሉ፤ ሽሮዋ ሳትንተከተክ ታች ላይ ታርራለች።

«እማማዬ፣ ያረረውን ነው የሚበሉት?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ድስቱ የቤተሰብ ነው፣ እኔ አንድ ነኝ።»

ትጓደድ ቤቷ ተመልሳ ጭቃ አቦካች። መዳፍ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ድስቶች ሠርታ፣ አንዷን ለእማማ፣ ሌሎቹን እንደሳቸው ብቻውን ለሚበላ ብላ ገበያ ወጣች።

«ይሄ ምንድነው? ለአይጥ ሰርግ ነው?» አለ ቢያድግልኝ።

«ለብቸኛ ሰው ነው፣ አለቃ።»

«እንግዳ ያባርራል!» ኳ! በዱላው ሰባበራቸው። ድስታቸውን ሊወስዱ ገበያ የወጡት እማማ ገሉን ለቃቅመው ተመለሱ። ያን ዕለትም ያረረ በሉ።

በሁለተኛው ገበያ ሌሎች ትንንሾች ሠርታ ትልቅ ድስት ውስጥ ደብቃ መጣች።

«አይጦቹ ተመልሰው መጡ?» ኳ! «ሌላ ጊዜ እነዚህን ይዘሽ ባይሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው!»

ቦታዋ ከተወሰደ እንጀራዋ አለቀ። እማማም ያን ዕለት ያረረ በሉ።

በሦስተኛው ገበያ ትልቅ ድስት ግጣሙን ከድና ይዛ መጣች። ቢያድግልኝ ዞረው፣ ዞረው።

«ለእንግዳ ይተርፋል?»

«ይተርፋል።»

«ግጣሙስ ለምን ጎደጎደ?»

«ድስት ያለ ግጣም ገበያ ይወጣል እንዴ፣ አለቃ?»

ቢያድግልኝ ግጣም ይከልክል? የሁሉም ድስት ግጣም አለው። ትጓደድ ግጣሙን ገልብጣ ጉልቻ ላይ ጣደችው። «እንግዳ ሲመጣ ትልቁ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ ግጣሙ!»

ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። መጀመሪያ የወሰዱት እማማ ናቸው። ያን ማታ ሽሮዋ ቡልቅ ቡልቅ አለች፤ እማማም እያለቀሱ ትኩስ በሉ።

ሸክላ ሠሪዎቹ «አስተምሪን» ብለው መጡ።

«የኔን አትቅዱ። ሂዱና የሰው ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ችግሩን እዩ።»

ሄዱ። አንዷ እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጆሮው ሰፊ ድስት ሠራች። ሌላውም የየራሱን አገኘ። ቢያድግልኝ ግን የሚሰማው አጥቶ ዱላውን ታቅፎ ቀረ።

«ድስት ግጣሙን አያጣም» የሚባለው ለዚህ ነው። ሰው አስበህ የሠራኸውን ዕቃ፣ ያ ሰው ፈልጎ ይመጣበታል።

እኔን ግን አሁንም ያንገበግበኛል። ስማ፣ አንተ ቢያድግልኝ! እማማ ወለላ ትኩስ ሽሮ ቢበሉ፣ ካንተ ማዕድ ላይ ምን ይጎድል ነበር?