ቆቅማና የእማማ ወፍጮ ድብልቅ

ስሙኝማ፤ እህል አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ካራም ከግድግዳ ላይ ሆኖ ሲያንሾካሹክ በሚሰማበት ዘመን ነው አሉ። አያ መለሰው የሚባል ገበሬ ሦስት ዶሮዎች ነበሩት፤ ገብስማ፣ ዛግራና ቆቅማ። ሦስቱም በቆሎ ይለቅማሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ ያለ ሥጋት ያድራሉ።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ። በቆሎ ጠፋ፤ የተገኘውም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ዶሮዎቹ ከሱ፤ መጣልም አቆሙ። አያ መለሰው ቆጡ ሥር ቆሞ፣

«የማትጥል ዶሮ ለወጥ ናት። በየእሑዱ አንዳንድ!» አለ።

ካራው ሰማ። «እኔ አልቸኩልም» አለ በቀጭን ድምፅ። «እሑድ ራሱ ይመጣል።»

የቆቅማ ላባ ቆመ።

ገብስማ ኩሩ ነበረች። «ከበቆሎ በቀር አልቀምስም» አለች። አልቀመሰችም። መነመነች። እሑድ መጣ፤ ገብስማ ሄደች። ካራው ታጥቦ ተመለሰና «አንድ» አለ።

ጓያ ደግሞ ከጆንያው ውስጥ ሆኖ ዛግራን ጠራት። «እቴ ዛግራ፣ እኔ እያለሁልሽ ምን አስራበሽ? ርካሽ ነኝ፣ ብዙ ነኝ። እኔን ብቻ ብይ!»

«ተይ እቴ፣ እሱ እግር ይይዛል ይላሉ» አለች ቆቅማ።

«የተራበ ምን ይጠነቀቃል?»

ዛግራ ጠዋት ጓያ፣ ማታ ጓያ በላች። አንድ ቀን ከቆጡ ልትወርድ ስትል እግሯ ተሽመደመደ። «ቆቅማ እቴ፣ አንሺኝ!» ቆቅማ በክንፏ ብትደግፋት፣ ብትገፋት፣ አልሆነም። እሑድ መጣ። «ሁለት» አለ ካራው።

ቆቅማ ብቻዋን ቀረች። እየተንቀጠቀጠች ጓዳ ገባች፤ እዚያ አንዲት አሮጊት ወፍጮ ትኖር ነበር።

«እማማ ወፍጮ፣ ፈራሁ!»

«የፈራ ይጠይቃል፤ ደግ አደረግሽ ልጄ። ሰው የናቀውን እህል ሰብስበሽ አምጪልኝ።»

ቆቅማ አውድማ ወረደች። ቀይ ማሽላ፣ «እኔ እኮ መራራ ነኝ» አላት። ዳጉሳም፣ «እኔ ደቃቃ ነኝ፤ ማንን አጠግባለሁ?» አላት። ከዘይት መጭመቂያው ደጅ የተጣለው የኑግ ፋጉሎ ደግሞ፣ «ዘይቴን ወስደው ጣሉኝ፤ ማን ይፈልገኛል?» አለ።

«እኔ እፈልጋችኋለሁ፤ ግን ሦስታችሁንም በአንድ ላይ» አለች ቆቅማ።

«እኔስ?» አለ ጓያ ከጆንያው።

«አንተ ዛግራን አስበልተሃል» ብላው አለፈች።

ስድስት ምንቃር ማሽላ፣ ሁለት ምንቃር ዳጉሳ፣ ሁለት ምንቃር ፋጉሎ። እማማ ወፍጮ ከክታ ቀላቀለችው። ቆቅማ በላች። ሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ ምንም የለም። ቅዳሜም ምንም የለም።

እሑድ መጣ። አያ መለሰው ካራውን አወረደ። ቆቅማን በክንፏ ያዛት፤ ልቧ እጁ ላይ ድው ድው አለ። ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው ግን በድንገት ቆመ። ሆዷን ዳበሰ። ጠንካራ ነገር ነካው።

«እንቁላል!» አለ። ቀስ ብሎ ጭድ ላይ አስቀመጣት፤ እዚያው ጣለች።

«ምን በልተሽ ነው?»

«የተናቁትን ቀላቅዬ ነው ጌታዬ።»

አያ መለሰው ባዶውን ቆጥ ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ቸኮልኩ» አለ። ከዚያ ወዲያ ድብልቁን በገዛ እጁ ያዘጋጅ ጀመር። ቆቅማ ግን እስኪመሽ ድረስ መንቀጥቀጧን አልተወችም።

እንዲህ ነው እንግዲህ ነገሩ፤ «አንዱን ብቻ» ያለ አለቀ፣ አውቆ የቀላቀለ ዘለቀ።