የብርቄ ሽንኩርትና የጎደለው አንድ ሰው

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ሽንኩርት የተከለ ደግሞ የበለጠ ይጠጋ።

ወይዘሮ ብርቄ አንድ የሽንኩርት መደብ ነበራት። ባሏ ጓዴ ባለፈው ክረምት ሞቶባት መደቡን ብቻዋን ቆፍራ፣ ብቻዋን ተከለች። የልጆቿ የዓመት ጉርስ እሱው ነው። ፀሐዩ በረታና ሽንኩርቱ አንገቱን ደፋ። ብርቄ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ አንድ ተራ ውሃ።

ወደ ቦዩ ወረደች። ቦዩ የመስኖ ማኅበሩ ነው፤ የሚከፍት የሚዘጋው የውሃ አባቱ አያ ሙጬ ነው።

«አያ ሙጬ፣ በሞቴ ይክፈቱልኝ!»

«ጓዴ ከሞተ ወዲህ ተራው ታጥፏል፣ ልጄ። ሊቀመንበሩ ሳያዝ ብከፍት የሰው ውሃ ሰጠ እባላለሁ።»

ሊቀመንበሩ ካላዘዘ ሙጬ አይከፍት፤ ሙጬ ካልከፈተ ውሃው አይወርድ፤ ውሃው ካልወረደ ሽንኩርቱ አይጠጣ።

ሊቀመንበሩ ፈንታ አጥሩን ሲያጥር አገኘችው።

«እኔማ ባዝልሽ ደስ ባለኝ» አላት። «ግን የኮሚቴያችን ዘመን አልቋል። ዘመኑ ያለቀ ሰው ቢያዝ ማን ይሰማዋል? አዲስ ኮሚቴ ይመረጥ።» እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ ትንሽ ደስታ ነበረበት፤ ሹመቱ ሰልችቶታል።

ኮሚቴው ካልተመረጠ ሊቀመንበሩ አያዝ፤ ሊቀመንበሩ ካላዘዘ ሙጬ አይከፍት፤ ሙጬ ካልከፈተ ውሃው አይወርድ፤ ውሃው ካልወረደ ሽንኩርቱ አይጠጣ።

ብርቄ ከአባል ደጅ አባል ደጅ ዞረች። «እባካችሁ ኮሚቴ ምረጡ!»

«እንምረጥ፤ ጉባኤው ግን አይሞላም» አሏት። «ከግማሽ በላይ ካልተቀመጥን ምርጫ የለም። አንዱ ከተማ ገብቷል፣ ሌላው በወሰን ተጣልቶ አኩርፏል።»

አኩራፊውን ለመነች፣ ሰነፉን ቀሰቀሰች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተገኙት ዋንዛው ስር ተሰበሰቡ። እሷ አባል አይደለችምና ዳር ቆመች። ፈንታ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

«አንድ ሰው ጎደለ!»

ወይ ጉድ! አንዱ ሰው ካልመጣ ጉባኤው አይሞላ፤ ጉባኤው ካልሞላ ኮሚቴው አይመረጥ፤ ኮሚቴው ካልተመረጠ ሊቀመንበሩ አያዝ፤ ሊቀመንበሩ ካላዘዘ ሙጬ አይከፍት፤ ሙጬ ካልከፈተ ውሃው አይወርድ፤ ውሃው ካልወረደ ሽንኩርቱ አይጠጣ።

ፈንታ የቀሩትን በየስማቸው ተጣራ። በለመደ አፉ፣ «ጓዴ!» አለ።

ብርቄን አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አለሁ!» አለች።

«ጓዴን እኮ ነው፣ ብርቄ።»

«ጓዴማ አፈር ለበሰ። አባል ሲሞት ወራሹ በቦታው ይተካ ብላችሁ ደንቡን ያጸደቃችሁት እኔ ቤት አይደለም? ጠላ እየቀዳሁ ሰምቻለሁ!»

አያ ሙጬ ሳቀ። «እውነቷን ነው። እኛ ጠላውን ስናስታውስ እሷ ደንቡን ያዘች» አለና ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ብርቄ ተቀመጠች። እሷ ስትቀመጥ ጉባኤው ሞላ፤ ጉባኤው ሲሞላ ኮሚቴው ተመረጠ፤ ኮሚቴው ሲመረጥ ሊቀመንበሩ አዘዘ (ያው ፈንታ ነው፤ ምስኪን፣ መልሰው ጫኑበት)፤ ሊቀመንበሩ ሲያዝ ሙጬ ከፈተ፤ ሙጬ ሲከፍት ውሃው ወረደ፤ ውሃው ሲወርድ ሽንኩርቱ ጠጣ።

ብርቄ እግሯን ቦዩ ውስጥ ነክራ፣ «እፎይ፣ ጓዴ» አለች። «ተራችን ደረሰ።»

ተረቴን ውሰዱት፤ ስታልፉ ግን ቦዩን እንዳትደፍኑት።