ጓንጉል ወደ ጎንደር የተነሣ ዕለት

ዕቅዱ ሰፊ፣ እርምጃው አጭር የሆነ ሰው ባየን ቁጥር ከአፋችን የምታመልጥ አንዲት አባባል አለች። ተናጋሪዋ ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የጉላ አምባ ሰዎች “የኛ ናት፤ የጓንጉል በቅሎ የተበላችባት ናት” ይላሉ። እነሱ እንደሚያወሩት ልንገራችሁ፤ ጨምረውበት ከሆነ ኃጢአቱ የነሱ ነው።

ጓንጉል ኮርቻ ሰሪ ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ከእጁ የሚቀድም። ጎንደር የነገሥታት ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ እዚያ የሚኖር የአጎቱ ልጅ “ከገበያው አጠገብ ለሥራህ የምትሆን ቤት ይዤልሃለሁ፤ እስከ ጥምቀት ካልደረስህ ግን ባለቤቱ ለሌላ ኮርቻ ሰሪ ይሰጣታል” ብሎ ላከበት። ጓንጉል ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣ። በጉላ አምባ ኮርቻ የሚያሠራ ስንት ሰው አለና! ጎንደር ግን መኳንንቱ ሁሉ በበቅሎ ነው የሚሄደው። ይህች ቤት ካመለጠችው ዕድሜውን የገበሬ መጫኛ ሲጠግን ሊጨርስ ነው።

“ከነጋዴዎቹ ጋር ሂድ” አለው የእህቱ ባል ስንሻው።

“ከነጋዴ ጋር? የአህያ አቧራ እየቃምሁ? በየወንዙ ሲያራግፉ፣ በየወንዙ ሲጭኑ? እኔ ብቻዬን ነው የምሄድ። መንገዱን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ።”

እውነቱን ነው፤ ደግሞታል። ቁርበት አንጥፎ፣ እህል እየደረደረ መንገዱን ጎንደር ድረስ ዘርግቶት ነበር። ምስሩ ማደሪያ ነው፤ አንዲት ሽምብራ ዓባይ ናት፤ ከወዲያ ጫፍ ያለችው ባቄላ ጎንደር ናት። የጎንደር በረኛ “ማነህ?” ቢለው የሚመልሰውን እንኳ በቃሉ ይዟል። ማታ ማታ ጎረቤቱን ሰብስቦ በጣቱ ከምስር ወደ ምስር ሲጓዝ ያመሻል። አንድ ቀን እንዲህ እያለ ዶሮ ገብታ ሽምብራዋን ላፍ አደረገቻት።

“በል እሰይ፣ ተገላገልህ!” አለ ስንሻው። “ዓባይ ተዋጠች፤ አሁን በደረቁ ትሻገራለህ።”

ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ጓንጉል ግን ደሙ ፈላ።

“ስማ አያ ስንሻው! ነጋዴዎቹ የሚነሡት ማክሰኞ ነው። እኔ ሰኞ እነሣለሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ከዓባይ ማዶ ካላደርሁ፣ በቅሎ እሰጥ!”

“አገባ!” አለ ስንሻው፣ ምራቁን እንኳ ሳይውጥ። የሁለቱም ንስሐ አባት መምሬ ክንፉ እዚያው ተቀምጠው ነበርና ምስክር ሆኑ። በዚያ ዘመን ደግሞ በምስክር ፊት የተባለ ውርርድ ወደ አፍ አይመለስም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጓንጉል ወገቡን ታጥቆ ብቅ ቢል በቅሎዋ የለችም። ማታ ለበረኛው የሚሰጠውን መልስ ሲለማመድ ማሰሯን ረስቷታል። ከማሳ ማሳ ሲሮጥ ቆይቶ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ የሰው አውድማ ላይ ገለባ ስትቆረጥም አገኛት። አምጥቶ ሊጭናት ሲል መጫኛውን አይጥ በልቶታል። የአገሩን ሁሉ ጠፍር ያበጀ ሰው ቁጭ ብሎ ለገዛ በቅሎው አዲስ መጫኛ መቁረጥ ጀመረ። ያን ሲጨርስ እህቱ ዘርትሁን መሶብ ይዛ መጣች።

“ሳትቀምስማ አትሄድም!”

እህል አይገፋም፤ ቀመሰ። ጎረቤቷ አየችና እሷም አቀረበች። የአንዷን በልቶ የሌላዋን መተው ቂም ነው። ጓንጉል የሩቁን ማደሪያ ሁሉ ሲያስብ የቤቱን ደጅ የሚያልፍበትን ሰዓት አላሰበም ነበርና፣ ከመንደሩ ሲወጣ ፀሐይዋ አናቱን አልፋለች።

ሸኚው ግልብጥ ብሎ ተከተለው። ጓንጉል ፀሐይዋን አይቶ እርምጃውን አፈጠነ። ዋርካው ሥር ሲደርሱ “በቃችሁ ተመለሱ! ብቻዬን እሄዳለሁ አልኋችሁ እኮ!” ብሎ ሁሉንም መለሰ። መምሬ ክንፉ ብቻ እምቢ አሉ።

“የንስሐ ልጄን ወንዝ ሳላሻግር አልመለስም።”

የንስሐ አባትን ማን ይመልሳል? መምሬ በከዘራቸው አንድ ይራመዳሉ፣ ሁለት ይቆማሉ። በየዛፉ ሥር ወግ አላቸው። ከቁልቁለቱ ወርደው ከመንደሩ ግርጌ ያለው ትንሽ ወንዝ ጋ ሲደርሱ ውኃውን ባረኩ፣ ጓንጉልን ባረኩ፣ በቅሎዋንም እግር በእግር ባረኩ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ዘጭ አሉ።

“ጉልበቴ ከዳኝ ልጄ።”

“ታዲያ እንዴት ይመለሳሉ አባቴ?”

“አንተ ሂድ። ጅብም ቢመጣ ‘ይህ ያረጀ ቄስ ምን ሥጋ አለው’ ብሎ ይተወኛል።”

ጓንጉል ገና ሩቅ ወዳለችው ዓባይ አየ፤ ወደ ዳገቱ አየ። አንድ የመንገድ ጓደኛ ቢኖረው “መምሬን አድርሰህ ድረስብኝ” ይለው ነበር። አንድም ሰው የለም፤ ሁሉንም በገዛ አፉ መልሷቸዋል። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። መምሬን ከጭነቱ በላይ በቅሎዋ ላይ አወጣና ልጓሙን ይዞ ወደ መጣበት ዳገት ተመለሰ።

ከመንደሩ ዳር ያለው የስንሻው ቤት ነው። ሲደርሱ ጀምበር ጠልቃ ስንሻው ደጁ ላይ ቆሟል።

“ጓንጉል! ዓባይ እንዴት ናት? ሞልታለች?”

ጓንጉል መምሬን ደግፎ ከበቅሎዋ አወረዳቸው። ስንሻው ቀስ ብሎ ልጓሙን ከእጁ ተቀበለው።

“ወንድሜ ነው እኮ!” ጮኸች ዘርትሁን። “ያለ በቅሎ ምን ይዞ ሊሄድ ነው? ቤቲቱ ልታመልጠው ነው!”

“ውርርድ ውርርድ ነው፤ በቅሎዋ የኔ ናት” አለ ስንሻው። ቀጥሎ የጓንጉልን ፊት አየና ድምፁ ለዘብ አለ። “ነገ ከነጋዴዎቹ ጋር ጎንደር እሰዳታለሁ፤ የምትጭነውም ያንተን ዕቃ ነው። ታዲያ የሚነዳልኝ ሰው እፈልጋለሁ።”

“እኔ እነዳታለሁ” አለ ጓንጉል፣ መሬት መሬት እያየ። ቢያፍርም ጎንደር አላመለጠችውም። ያን ምሽት ከገዛ ደጁ የውሻው ጩኸት እየተሰማው እህቱ ቤት መደብ ላይ ተኛ።

በማግሥቱ ነጋዴዎቹ ሲደርሱ ጓንጉል በእግሩ፣ ትናንት የሱ የነበረችውን በቅሎ እየነዳ ከአህዮቹ ኋላ ገባ። የነጋዴዎቹ አለቃ ዞር ብሎ አየውና አፉን ይዞ፣ ሊሸኙ የወጡትን መምሬ ክንፉን ጠየቃቸው።

“መምሬ! ይህ ሰው ሰኞ ይነሣል፣ ዓባይ ማዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል ብለውን አልነበረም? የት አድሮ ነው?”

ጓንጉል የጉልበታቸውን ነገር ይናገሩልኛል ብሎ በተስፋ ዓይን ዓይናቸውን አየ። መምሬ ክንፉ ግን ጉልበታቸውን ምንም እንዳልነካው ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመው፣ መንገደኛውን ሊባርኩ መስቀላቸውን እያወጡ፣ “የት ያድራል ልጄ፣ ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ!” አሉ።