የመጨረሻው ፊልትሮ

አንድ የባሕር ኃይል ሞተረኛ ነበር፤ አንዳርጌ ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት በመርከብ ሆድ ውስጥ ከሞተር ጋር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ያረጀች ባለ ሸራ ጀልባ አገኘና በእጁ አደሳት። ሸራዋን ሰፋ፤ ቀለም ቀባት፤ ከወለሉ ሥር ያለችውን ትንሽ የናፍጣ ሞተር ፈትቶ ገጠማት። ከዚያም ባለቤቱን የውብዳርን፣ "ዕድሜሽን ሙሉ ከአሰብ ዳርቻ ሆነሽ በሩቁ የምታዪያቸውን ደሴቶች አንድ በአንድ አሳይሻለሁ" አላት።

የውብዳር ባሕር ትፈራለች። "መሀል ላይ ሞተሩ ቢቆምብንስ?" አለችው።

"ለምን ይቆማል? የናፍጣውን ታንከር ሳይቀር ከፍቼ አጥቤዋለሁ" አላት።

አላጠበውም። የታንከሩ ክዳን በዐሥራ ሁለት ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ሁሉም ዝገዋል። በመሙያው ቀዳዳ አጮልቆ ሲያይ ናፍጣው ጥርት ብሎ ስለታየው ትቶት አለፈ። መዋሸቱንም አላሰበውም። እሷን ለማረጋጋት ያህል የተናገራት ቃል ነበረች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደሴቶች ደስ የሚሉ ነበሩ። ባሕሩ ረግቶ ነበር። የውብዳር ጫማዋን አውልቃ በነጩ አሸዋ ላይ ስትሄድ፣ ሸርጣን ሲያባርራት እንደ ልጅ ስትጮህ፣ አንዳርጌ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ግን ባሕሩ ተነሣ። ጀልባዋ ከጠዋት ጀምሮ ስትናጥ ዋለች። ሦስተኛዋ ደሴት ስትታይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጸጥ አለ።

አንዳርጌ ወርዶ የናፍጣውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈታው። በጥቁር አተላ ተደፍኗል። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው። ለዓመታት ከታንከሩ ሥር የተኛው ውኃና ዝቃጭ በሞገዱ ተበጥብጦ ተነሥቷል።

"ምን ሆነ?" አለች የውብዳር ከላይ።

"ምንም አይደል። ፊልትሮው አርጅቶ ነው።"

አዲስ ፊልትሮ አስገባ። አንድ ሰዓት ሠራና ተደፈነ። ሌላ አስገባ፤ ይኸኛው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። እንደምንም በሸራ እየተገፉ በሁለት ዐለቶች መካከል ባለችው ጠባብ በር ገብተው በደሴቲቱ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ መልሕቅ ጣሉ። ከያዛቸው መለዋወጫ ፊልትሮዎች የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ትንሽ ጀልባውን እየቀዘፈ መጣ። ሑመድ ይባላል፤ የአፋር ሰው ነው። በወጣትነቱ ወደብ ላይ ጫኝ ስለነበር አማርኛ አይቸግረውም።

"ዛሬ እዚህ አትዋሉ" አላቸው ሰላምታውን እንደጨረሰ። "ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይዞራል። ሲዞር በዚያች በር ነው የሚገባው። መልሕቅ አይችለውም።" እጁን ወደ ዳርቻው ዘረጋ። የአንድ ትልቅ ጀልባ አጥንት አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ይታያል።

የውብዳር ዐይኗን ከዚያ ላይ መንቀል አቃታት። "በሉ እንውጣ እንጂ!" አለች።

ነገር ግን በዚያ ሰዓት ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም፤ ሸራው ምንም አይፈይድም። በሞተር ካልሆነ መውጫ የለም። አንዳርጌ የመጨረሻውን ፊልትሮ ይዞ ወረደ። በልቡ አሰላው። ከበሩ ለማለፍ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ይህ ፊልትሮ ደግሞ ዐሥር ደቂቃም ላይቆይ ይችላል። ሞተሩ ዐለቶቹ መካከል ሲደርሱ ቢቆምስ?

"ስንት ፊልትሮ ቀርቶሃል?" አለች የውብዳር።

"ይበቃል።"

ሑመድ ወደ ጀልባዋ ወጥቶ ከሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር። የወለቁትን ፊልትሮዎች አንሥቶ አተላውን በጣቱ ነካው።

"ይኼ ቆሻሻ ከየት ነው የሚመጣው?" አለ።

"ከታንከሩ ነው፣ አባባ።"

"ታዲያ አንተ ስትቀይር የዋልከው ምኑን ነው?"

አንዳርጌ ቀና ሲል የውብዳር ከበላዩ ቆማለች። ቢደብቃት ሁለቱም ከዚያ ዐለት ጋር መላተማቸው ነው።

"ታንከሩን አላጠብኩትም" አላት። "ከፍቼውም አላውቅም። ዋሽቼሻለሁ። የቀረኝም ፊልትሮ ይኼ አንድ ብቻ ነው።"

የውብዳር የወለቁትን ፊልትሮዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። ብትጮህበት በወደደ።

"አንተን አምኜ ነው የተሳፈርኩት" አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ተሰብሮ። ወዲያው ቀሚሷን ሸብ አደረገች። "ንዴቴ ይቆየን። አሁን ክፈተው። ጀሪካኑን እኔ እይዛለሁ።"

ናፍጣውን በእጅ ፓምፕ እየሳቡ ወደ ጀሪካኖች ቀዱት፤ ሑመድም የራሱን ሁለት ጀሪካን ሰጣቸው። የውብዳር ከታንከሩ ሥር የመጣውን በብርጭቆ ይዛ ወደ ፀሐይ አነሣችው። ከታች ውኃ፣ ከላይ ናፍጣ፣ በመካከል ጥቁር አተላ። ከዐሥራ ሁለቱ ብሎኖች ሁለቱ ተሰበሩ። ክዳኑ ሲነሣ የሚከረፋ ሽታ ወጣ። አንዳርጌ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ እንደ ተልባ የሚዝለገለገውን ዝቃጭ በጨርቅ እየጠረገ አወጣ። ጨርቅ ሲያልቅ የውብዳር የራስ ሻሿን ፈትታ አቀበለችው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ዘመም አለች። ሑመድ በየጊዜው ወደ በሩ ያያል። "ውኃው መሸብሸብ ጀምሯል" አለ።

በጀሪካኖቹ ያለው ናፍጣ ረግቶ እስኪጠራ መጠበቅ ነበረባቸው፤ ከሁሉ የከፋው ያ መጠበቅ ነው። ከዚያ ክዳኑን በቀሩት ብሎኖች አስረው የየጀሪካኑን የላይኛውን ንጹሕ ናፍጣ ብቻ እያጠለሉ መለሱ። የመጨረሻው ፊልትሮ ገባ። አንዳርጌ አየሩን ከቱቦው አስወጥቶ ሞተሩን ሞከረ። አልተነሣም። ደገመው፤ እምቢ አለ። በሦስተኛው ያዘ።

ሑመድ ትንሿን ጀልባውን ከኋላ አስሮ ከፊት ቆመና በእጁ መንገድ አሳያቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ የመጀመሪያው ትልቅ ሞገድ አነሣቸው። ዐለቱ በስተግራ፣ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ እስኪመስል ቀረበ። ሞተሩ አንዴ አሳለ። የውብዳር የአንዳርጌን ክንድ ጨበጠች። ሞተሩ ግን መምታቱን ቀጠለ፤ ሞገዱም ከሥራቸው አለፈ። ከበሩ ወጡ።

ሑመድ ትንሿን ጀልባውን ፈትቶ ከደሴቲቱ ጀርባ ወዳለው መንደሩ ቀዘፈ። ሸራውን ከፍተው ጥቂት እንደሄዱ አንዳርጌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የውብዳር፣ የትልቁ ሸራ ገመድ መሀሉ ላይ ሳስቷል። ገና ሳንነሣ አይቼዋለሁ።"

ቀና ብላ ገመዱን አየች። ፊቷ ገረጣ። "አሁን ነው የምትነግረኝ?"

"አሁን ነው።"

"በል ሸራውን አውርደው" አለች፤ "አብረን እንቀይረዋለን።"

ወዳጆቼ፣ ባሕሩ ዝቃጩን አላመጣውም፤ ተኝቶ የነበረውን ቀሰቀሰው እንጂ። በትዳራችንም በሥራችንም ችግር በመጣ ቁጥር ፊልትሮ እየቀየርን ጥቂት መሄድ እንችል ይሆናል። ፊልትሮው ግን ያልቃል፤ ብዙ ጊዜም የሚያልቀው ከዐለቱ አጠገብ ነው። ክዳኑን መክፈት ያሳፍራል፤ ይከረፋልም። ግን አብሮን የተሳፈረ ሰው እውነቱን ሲያውቅ ጀሪካን ይይዝልናል፤ ካላወቀ ከእኛው ጋር ይሰምጣል።

እናንተስ፣ "አጥቤዋለሁ" ብላችሁ ለማን ነግራችኋል?