ያለ ድምፅ አላነብም ያለው አንባቢ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ አቶ ይመር፣ የትውልድ ቀያቸውን ታሪክ ጽፈው እንደጨረሱ ዓይናቸው ጠፋ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ አማራቸው።

«መጽሐፌ ማተሚያ ቤት ሳይገባ ልስማው» አሏት ልጃቸውን ፈትለወርቅን።

«እኔው ላንብብልዎት፣ አባባ።»

«አንቺማ ታሳምሪልኛለሽ! ስህተቴን የማይሸፍንልኝ አንባቢ ነው የምፈልገው።»

ፈትለወርቅ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ላይ ጫነች። አንባቢው ግን «ድምፅ የሚባለው ጓዝ ካልመጣ አላነብም» አለ። ጓዝ የሚሉት ሌሎች ባለሙያዎች ሠርተው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጡትን አጋዥ ፕሮግራም ነው። አንባቢው ያለ ድምፅ አላነብ አለ፤ አባባም ጠበቁ።

ድምፅን አወረደችው። ድምፅም «ፊደል የሚባለው ሌላ ጓዝ ካልመጣ አልናገርም» አለ። ድምፅ ያለ ፊደል አልናገር አለ፤ አንባቢው ያለ ድምፅ አላነብ አለ፤ አባባም ጠበቁ።

ፊደልን አወረደችው። እሱም አኮረፈ፤ «ቁጥር የሚባለው ጓዝ ካልመጣ ፍንክች አልልም!» ፊደል ያለ ቁጥር አልሠራ አለ፤ ድምፅ ያለ ፊደል አልናገር አለ፤ አንባቢው ያለ ድምፅ አላነብ አለ፤ አባባም ጠበቁ።

ቁጥርን አወረደችው። ቁጥር ደግሞ «ከዚህ ከአዲሱ ድምፅ ጋር አልስማማም፤ አሮጌውን አምጪ» አለ። አሮጌውን ብታመጣ አንባቢው «ይሄማ አርጅቷል!» ብሎ መለሰው። ቁጥር ከአዲሱ ድምፅ ጋር አልስማማ አለ፤ ፊደል ያለ ቁጥር አልሠራ አለ፤ ድምፅ ያለ ፊደል አልናገር አለ፤ አንባቢው ያለ ድምፅ አላነብ አለ። የፈትለወርቅ ራስ ዞረ። ማንን ጠርታ ማንን እንዳባረረች ጠፋት።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?» አሉ አባባ።

«እኔስ መቼ አወቅሁት!»

ግራ ቢገባት ፕሮግራም ለምትሠራው ጓደኛዋ ለሰብለ ደወለች። ሰብለ ሳቀች። «አንድ በአንድ ለምነሽ አትዘልቂውም። ጓዞችን ራሱ አውርዶ ራሱ የሚጭን፣ ጫኝ የሚባል ፕሮግራም አለ። ያመጣሽውን ሁሉ አጥፊና ጫኙን ‹አንባቢውን ብቻ አምጣልኝ› በይው፤ የሚስማሙትን እሱ ይመርጣል።»

ፈትለወርቅ እንደተባለችው አደረገች። ጫኙ ሄደ፣ ፈለገ፣ አዲስም አሮጌም ያልሆነ መካከለኛ ድምፅ ይዞ መጣ። ድምፁ ሲመጣ ቁጥር ተስማማ፤ ቁጥር ሲስማማ ፊደል ሠራ፤ ፊደል ሲሠራ ድምፅ ተናገረ፤ ድምፅ ሲናገር አንባቢው አነበበ!

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳያሳምር፣ ሳይራራ አነበበው። አነበበው፣ አነበበው፤ አላልቅ አለ።

«ወይ ጉድ!» አሉ አቶ ይመር ፊታቸው በርቶ። «ይህን ያህል አርዝሜዋለሁ? በይ ቶሎ፣ እዚህ ላይ አራት ነጥብ አድርጊበት!»